መርዶ ያልደረሰው ሰው

መድረኩ ላይ አንድ ጠረጴዛና አንድ የልብስ ስፌት መኪና አለ። ከግድግዳው ሚስማር ላይ ደግሞ አንድ የወታደር ካፖርት ተሰቅሏል። ተዋናዩ ብቻውን ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ሲናገር ወደ ካፖርቱ ይሄዳል፣ እጁን ያነሳል፣ ሳይነካው ይመለሳል። እኔ ደብረ ማርቆስ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ላፕቶፔን ጭኔ ላይ አድርጌ ሳየው፣ ያ ካፖርት መቼ ይወርዳል እያልኩ ከአንገቴ ቀና እንዳልኩ ቀረሁ።

ተውኔቱ የእንግሊዞች ነው፤ ጊዜው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት። ሰውየው ልብስ ሰፊ ነው፤ አንድ እግሩን ስለሚያመው አልዘመተም። የሚወደው ሰው ዘምቷል። የሚወደው ሰው ወንድ ነው። የመድረኩን ቅጂና ጽሑፉን የላከችልኝ ውጭ አገር የምትኖር የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ናት። እኔ ተማሪዎችን ትያትር አለማምዳለሁ። «እንደ ባለሙያ እዪውና ንገሪኝ» ነበር ያለችኝ። እንደ ባለሙያ ማየት የቻልኩት የመጀመሪያዎቹን ሃያ ደቂቃዎች ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤው ይመጣል። የገዛ ደብዳቤው ነው፤ ወደ ግንባር የላከው ሳይከፈት ተመልሶ። ፖስታው ላይ ተቀባዩ መሞቱን የሚገልጽ ማኅተም ተመትቶበታል። በዚያ ጦርነት ጊዜ እንዲህ ይደረግ ነበር፤ ለሞተ ወታደር የተላከ ደብዳቤ ወደ ላኪው ይመለሳል። ቴሌግራሙ የደረሰው እናትየው ዘንድ ነው። ሠራዊቱ በመዝገቡ የያዘው እናትን፣ አባትን፣ ሚስትን ነው። ልብስ ሰፊው በየትኛውም መዝገብ ላይ የለም።

በእኛ አገር መርዶ ሥርዓት አለው። ማንም ብድግ ብሎ አይናገርም። ዘመድ ተሰብስቦ ይመክራል፤ ማን ቀድሞ ይስማ፣ ማን ከጎኗ ይቀመጥ፣ ውኃውን ማን ይያዝ ይባላል። ከዚያ ጎህ ሳይቀድ በር ይንኳኳል። በዚያ ሰዓት የተንኳኳ በር ምን ይዞ እንደመጣ የማያውቅ ጎጃሜ የለም። ቋንቋችንም ይህን ያውቃል። «ተረዳ» ስንል ነገሩ ገባው ማለታችን ነው፤ መርዶ ተነገረው ማለታችንም ነው። ሞት የሚገባን ሌላ ሰው ፊታችን ቆሞ ሲነግረን፣ ስንወድቅም ሲይዘን ነው። ልብስ ሰፊውን ያረዳው ግን ፖስታ ነው፤ ያውም የራሱ የእጅ ጽሑፍ ያለበት ፖስታ።

የአንድ ሰው ተውኔት ብዙዎች የገንዘብ እጥረት የወለደው ይመስላቸዋል። እንዲህ የሆነበት ጊዜ አለ። እዚህ ግን ሰውየው ብቻውን የቆመበት ምክንያት ራሱ ታሪኩ ነው። ስለ ሟቹ የሚያወራው ሰው የለውም። ጎረቤት ቢጠይቀው «የማውቀው ሰው ነበር» ከማለት የዘለለ መልስ መስጠት አይችልም። መድረክ ላይ ቃል የሚያቀብለው ስለሌለ ዝምታው ሁሉ የእርሱ ነው፤ ሰሚ ሆኖ የቀረው ተመልካቹ ብቻ ነው። ጎጃም ውስጥ ያደገ ሰው ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ ጦርነትንና ሞትን ሲናገር መስማት እንግዳው አይደለም። ቀረርቶ እንዲያ ነው፤ ሽለላም። ከሁሉም በላይ ግን ሙሾ እንዲያ ነው።

አያቴ አልቃሽ ነበሩ። ከሉማሜ ወጣ ብሎ ባለው አገራችን ሰው ሲሞት «እርሳቸው ይምጡ» ተብሎ ይላክባቸው ነበር። ከሕዝቡ መካከል ይነሱና ነጠላቸውን አገልድመው ለሟቹ ይናገሩታል፤ እንደ ጠፋ ልጅ ይጠሩታል፣ ይቆጡታል፣ ያመሰግኑታል። የሟቹን ሚስት በስሟ፣ እኅቱን በስሟ እያነሱ ለእያንዳንዳቸው የሚያለቅሱበትን ስንኝ ይሰጣሉ። እኔ ስለ መድረክ የማውቀውን ያህል የተማርኩት ከክፍል ይልቅ ከእርሳቸው ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

በ1992 ክረምት ለቅሶው የራሳቸው ሆነ። ከግንቦት 1990 እስከ ሰኔ 1992 በቆየው የባድመ ጦርነት የመጨረሻ ልጃቸው፣ አጎቴ፣ ሞተ። እኔ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አስክሬን አልመጣም። ዳስ ተጣለና በመሐሉ አልጋ ተቀመጠ፤ በአልጋው ላይ ሸሚዙና ሱሪው ሰው የተኛ እስኪመስል ተዘረጉ፤ ከኮሌታው በላይ ፎቶግራፉ። ሕዝቡ በልብስ ላይ አለቀሰ። አስክሬን በሌለበት ልብስ ምን ያህል እንደሚከብድ ያየሁት ያኔ ነው። የእናቴ እኅት እጅጌውን በሁለት እጇ ይዛ ልቀቂ ቢሏት አልለቅም አለች።

ከዳሱ ጓሮ አንድ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንጨት ይፈልጣል። የአጎቴ አብሮ አደግ ነው። አብረው ከብት ጠብቀዋል፤ ሲያድጉም ማርቆስ ከተማ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተው አጎቴ እስኪዘምት ድረስ አብረው ኖረዋል። ወደ ዳሱ አልገባም። ለለቅሶ የሚበቃው እንጨት ተፈልጦ ካለቀ በኋላም መፍለጡን አላቆመም። ሰው ደግ ረዳት ነው ብሎ አለፈው።

አያቴ ሁለት ቀን ሙሉ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ተቀምጠው ሌሎች አለቀሱላቸው። በሰልስቱ ተነሱ። ለልጃቸው የሚሉትን ብለው ሲያበቁ ፊታቸውን ወደ ጓሮው አዞሩና እንዲህ አሉ፦

እንጨት የሚፈልጠው ከዳሱ በጓሮ፣
መርዶ ማን ነገረው ለእርሱማ ዘንድሮ?

የመጥረቢያው ድምፅ ቆመ። ሁለት ሴቶች ወጥተው ሰውየውን በክንዱ ደግፈው አስገቡት፤ ከአልጋው አጠገብ፣ ከወንድሞቹ ጎን አስቀመጡት። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ወንድሞቹን እንዳጽናና እርሱንም አጽናና። ማታ ሰው ሲቀንስ አየሁት። የሱሪውን አንድ እግር ጭኑ ላይ አድርጎ ጨርቁ ላይ የተጣበቀውን የሣር እሾህ አንድ በአንድ ይለቅማል። የለቀመውን አይጥልም፤ መዳፉ ላይ ያጠራቅመዋል።

በእርሱና በአጎቴ መካከል ለነበረው ነገር ስም አልሰጥም። ሁለቱም አርፈዋል፤ ሊመልሱልኝ አይችሉም። ወዳጅነት ብቻ ከነበረም ያ ወዳጅነት ሲያንስበት እንጂ ሲበዛበት አላየሁም። የማውቀው አያቴ አንድን ሰው በሁለት ስንኝ ከለቅሶ ደራሽነት አውጥተው ባለ ለቅሶ እንዳደረጉት ነው። ልብስ ሰፊው በመድረኩ ላይ የጎደለው ይህ ነው። ወደ ሟቹ እናት ቤት «ጓደኛው ነበርኩ» ብሎ ይሄዳል፤ ሻይ ይቀዳለታል፤ ከሩቅ እንደመጣ እንግዳ ይስተናገዳል። እናትየዋ ልጇ ሰው ወዶ ያውቅ እንደሆነ ስትጠይቀው ስኒውን እያየ «አልነገረኝም» ይላል። ያን ጊዜ ላፕቶፔን ዘጋሁት። እስኪነጋም አልከፈትኩትም።

ጽሑፉን ወደ አማርኛ መመለስ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ መድረክ ላይ እንደማይወጣ አውቃለሁ። ለራሴ ነው፤ በራሴ ቋንቋ ልሰማው ፈልጌ ነው። በመጀመሪያው ደብዳቤ የመጀመሪያ መስመር ላይ ቆምኩ። እንግሊዝኛ አንተንም አንቺንም በአንድ ቃል ይጠራል። በጦርነቱ ጊዜ የወታደር ደብዳቤ በሳንሱር እጅ ያልፍ ነበር፤ ቢሆንም ጸሐፊው ስሙን በአንድ ፊደል አሳጥሮ «እወድ...» ብሎ ቢጽፍ ከወንድ ይሁን ከሴት የመጣ አይለይም። አማርኛ ይህን መሸሸጊያ አይሰጥም። ናፍቀኸኛል ወይም ናፍቀሽኛል ማለት ግድ ነው፤ ግሡ ራሱ ያጋልጣል። ሦስት ሌሊት እየጻፍኩ ሰረዝኩ።

በአራተኛው ሌሊት መንገዱን ያሳዩኝ አያቴ ናቸው፤ እርሳቸው ግን አያውቁም። ወንድ አያቴን በሕይወት ዘመናቸው አንድም ቀን «አንተ» ብለዋቸው አያውቁም። «ዘገዩብኝ» ነበር የሚሏቸው። «ይቀመጡ፣ እግርዎን ልጠብዎት።» እርስዎ ወንድና ሴት የለውም። «ናፍቀውኛል» ብዬ ጻፍኩ። «ካፖርትዎን ሳይደርቡ እንዳይወጡ።» «ከእርስዎ ወዲህ ቀን አይነጋልኝም።» ደብዳቤው ተከፈተ። ለመሸሸግ ያነሳሁት ቃል አክብሮት ይዞ መጣ፤ ልብስ ሰፊው በአማርኛ ሲናገር የአያቴ ድምፅ ሆነ፤ አምሳ ዓመት በትዳር የኖረች ሴት ድምፅ። የቅኔ ቤቶቹ ዲማ፣ ጎንጅና ዋሸራ ባሉበት አገር ሰምና ወርቅን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። የቅኔ ተማሪ ሰሙን ሰምቶ እንዳይሄድ፣ ወርቁን እንዲፈልግ ይማራል።

ተውኔቱ የፈጠራ ሥራ ነው፤ እውነተኛ ደብዳቤዎች ግን አሉ። ጊልበርት ብራድሌይ የተባለ እንግሊዛዊ የቀድሞ ወታደር እ.ኤ.አ. በ2008 ሲያርፍ ቤቱ ውስጥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተጻፉለት በመቶዎች የሚቆጠሩ የፍቅር ደብዳቤዎች ተገኙ። ፊርማቸው አንድ ፊደል ነው፤ «ጂ»። ኦስዌስትሪ በተባለች ከተማ ያለ ሙዚየም ደብዳቤዎቹን ከኢንተርኔት ገበያ እየገዛ ሲሰበስብ ጸሐፊው ጎርደን ባውሸር የሚባል ወንድ መሆኑ ታወቀ፤ ታሪኩ ለዓለም የተሰማው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በአንዱ ደብዳቤ ጎርደን ሁሉም ደብዳቤዎች እንዲጠፉ ይለምናል። በሌላው ደግሞ አእምሮ በበራበት ዘመን ታትመው ዓለም እንዴት እንደተዋደዱ ቢያይ ብሎ ይመኛል። ጊልበርት ልመናውን ሳይሆን ምኞቱን ጠበቀለት። በተገኘው ክምር ውስጥ የሚሰማው የጎርደን ድምፅ ብቻ ነው። እርሱም የአንድ ሰው ተውኔት ነው ማለት ነው።

ከእነርሱ በፊት፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ዊልፍሬድ ኦዌንና ሲግፍሪድ ሳሱን አሉ። ሁለቱም ገጣሚ፣ ሁለቱም መኮንን ነበሩ፤ የተገናኙት እ.ኤ.አ. በ1917 ኤድንብራ አጠገብ በሚገኝ ሆስፒታል ነው። ኦዌን ለሳሱን የጻፋቸውን ደብዳቤዎች ያነበበ ሰው ፍቅሩን ለማየት አጉሊ መነጽር አያስፈልገውም። ኦዌን የተገደለው ጦርነቱ ሊያበቃ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ኅዳር 4 ቀን 1918 እ.ኤ.አ. ነው። ቴሌግራሙ እናቱ ዘንድ የደረሰው ልክ ኅዳር 11 ቀን፣ የሰላሙ ደወል በሚደወልበት ዕለት ነው። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ሳሱን ግን ሞቱን የሰማው ከወራት በኋላ ነው። ለእርሱ በሩን ያንኳኳለት አልነበረም። እኔ ስለ ኦዌን ባሰብኩ ቁጥር ለእናቱ ማልቀሴ አይቀርም፤ የሚያንገበግበኝ ግን ሳሱን ያለ መርዶ የኖረባቸው ወራት ናቸው። ሞቶ ሳለ ይመጣል ብሎ የጠበቀባቸው ቀናት ስንት ይሆኑ?

በእንግሊዝ ይህን ፍቅር የሚከለክለው ሕግ ለአዋቂ ወንዶች የላላው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው፤ ሠራዊቱ እንዲህ የሚወዱ ሰዎች እንዳያገለግሉ የጣለውን እገዳ ያነሳው ደግሞ በ2000 መጀመሪያ፣ በእኛ አቆጣጠር ዳሳችን በተጣለበት በ1992 ነበር። በጀርመን ናዚዎች ከአምስት ሺህ እስከ አሥራ አምስት ሺህ የሚገመቱ ወንዶችን በዚህ ፍቅር ምክንያት ወደ ማጎሪያ ካምፕ ልከዋል፤ ካምፖቹ ሲከፈቱ እንኳ አንቀጽ 175 የተባለው ሕግ አልተሰረዘም ነበር። ለእነዚያ ሰዎች ማን ተቀመጠላቸው?

የእኛም ሕግ ይታወቃል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በእስራት ያስቀጣል። በአማርኛ ለዚህ ፍቅር ያሉን ቃላት ወይ ከሕግ አንቀጽ ወይ ከስድብ የመጡ ናቸው፤ በለቅሶ ላይ ሊነሳ የሚችል አንድም የለንም። እኔ በቤተ ክርስቲያን ጥላ ያደግሁ፣ ዛሬም ከዚያው ያለሁ ሰው ነኝ። ስለ ሃይማኖት ከማንም ጋር ልከራከር አልተነሳሁም። ሰው ሲሞትበት ያለቅስ፤ ሲያለቅስ ደግሞ አንድ ሰው ከጎኑ ይቀመጥ ነው የምለው። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ግን እጽፈዋለሁ።

ምክንያቱም እኛም ጦርነት ውስጥ ነን። ከ2015 ሐምሌ መጨረሻ ወዲህ ጎጃም ውስጥ የኖረ ሰው ስለ ለቅሶ አዲስ ነገር ተምሯል። የሞተው የት እንደሞተ ጮክ ተብሎ የማይነገርበት ለቅሶ አለ። «አሞት ነው» ተብሎ የሚታለፍ አለ። ድንኳን ሳይጣል፣ በሩ ገርበብ ብሎ፣ እናት ከጓዳ አንገቷን ደፍታ፣ ጎረቤት አንድ አንድ እየሆነ ገብቶ የሚወጣበት አለ። ባለፈው ዓመት እንዲህ ካለ ቤት ገባሁ። ማንም ምንም አልጠየቀም። አንዲት አሮጊት ብቻ የእናትየዋን ጉልበት በመዳፋቸው እየዳሰሱ ለሰዓት ያህል ተቀመጡ። ከዚያ ቤት ስወጣ ልብስ ሰፊውን አሰብኩት። ለቅሶውን ደብቆ የሚኖር ሰው ምን እንደሚመስል ለጎጃም ሰው ዛሬ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ በየሰፈሩ አለ።

አያቴ አሁን ከእኔ ጋር ናቸው። መንገዱ አስተማማኝ ስላልሆነ ከገጠር አምጥተናቸዋል። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን እንደ ድሮው ነው። አንድ ምሽት የተኙ መስሎኝ የመለስኩትን ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ ስንኝም ሆነ ንግግር ካልተሰማ መድከሙ አይታወቅም። የተመለሰውን ደብዳቤ አንብቤ ወደ እናትየዋ ቤት ተሻገርኩ። ሻዩን፣ ጥያቄውን፣ «አልነገረኝም» የሚለውን፣ እናትየዋ ካፖርቱን አምጥታ እቅፉ ውስጥ ስታስቀምጥለት። ልክ እዚያ ላይ ስደርስ መብራት ጠፋ።

«ማን ሞቶባት ነው?» አሉኝ በጨለማው ውስጥ።

«አልተኙም እንዴ፣ እማማ?»

«ባሏ ነው?»

«ባሏ አይደለም።»

«እርስዎ ትለዋለች እኮ።» ጥቂት ዝም አሉ። «መርዶውን ማን ነገራት?»

«ማንም። የላከችው ደብዳቤ ተመልሶ መጣ።»

«እናትዬዋስ አላረዳቻትም? አጠገቧ ተቀምጣ?»

«አታውቅም፣ እማማ። ምኑ እንደሆነች አታውቅም።»

ሻማ ልፈልግ እችል ነበር፤ አልተነሳሁም። እውነቱን ሳልነግራቸው ብተኛ እርሳቸውንም ልብስ ሰፊውንም የማታልል መሰለኝ።

«የሚያለቅሰው ሴት አይደለም» አልኳቸው። «ወንድ ነው።»

መቁጠሪያቸው ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። «እግዚኦ» አሉ። ቆይተው እንደገና «እግዚኦ»። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። ትንፋሻቸው የተኛ ሰው ትንፋሽ እስኪሆን ድረስ ብዙ ሰዓት ፈጀ፤ እኔም አልተኛሁም።

ጠዋት ቡና አፈላሁ። አቦሉን ምንም ሳይሉ ጠጡ። ስለ ዝናቡ አወራን፤ ስለ ጤፉ አወራን። ቶናው ሲቀዳ ስኒውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ በሩ እያዩ፣

«ያ ሰውዬ፣ ካፖርቱን ምን አደረገው?» አሉ።

የመጨረሻውን ትዕይንት ነገርኳቸው። ሰውየው ካፖርቱን ከሚስማሩ ያወርደዋል። ያኔ ነው አንዱ ቁልፍ በቀጭን ክር ብቻ ተንጠልጥሎ የሚያየው። ይቀመጣል። ክሩን በአፉ አርሶ መርፌው ውስጥ ያስገባል፤ ሁለት ጊዜ ይስተዋል፣ በሦስተኛው ይገባለታል። ቁልፉን ይሰፋል። ቃል አይናገርም፤ ስፌት መኪናውን አይነካም፣ በእጁ ነው። ሲጨርስ ክሩን በጥርሱ ይበጥሳል፤ ቁልፎቹን ከላይ እስከ ታች፣ ሰው እንደለበሰው አድርጎ ይቆልፋል። መብራቱ ይጠፋል።

አያቴ ጥቂት አሰቡ።

«ክሩን አጥብቆታል?»

«አጥብቆታል፣ እማማ።»

«ደግ አደረገ» አሉና ስኒያቸውን ለበረካው ዘረጉልኝ።